ልጄ አሎሎ ትወረውራለች፤ ዓለም አቀፍ ውድድር ላይ ልትደርስ ትችላለች?

ጥያቄው በአጭሩ፦ «ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ የምኖር እናት ነኝ። ልጄ 17 ዓመቷ ነው፤ 11ኛ ክፍል ናት። በትምህርት ቤቶች ውድድር አሎሎ 12 ሜትር ከ10 ወርውራ አንደኛ ወጣች። የስፖርት መምህሯ ትምህርቷን አቋርጣ አዲስ አበባ ክለብ ትግባ፣ በሁለት ዓመት ኦሎምፒክ ትደርሳለች ይላሉ። አባቷ ደግሞ ሀገራችን የሯጭ ሀገር ናት፣ ወደ ሩጫ ትዙር ባይ ነው። ጎረቤት ብረት ማንሳት ማህፀን ይጎዳል፣ እንደ ወንድ ያደርጋታል ይለኛል። አንድ ሰው ባህሬን ወስዶ ዜግነት እንደሚያሰጣትም ነግሮናል። ሂጃብ ትለብሳለች፤ ይህስ ይከለክላታል? ምን ብናደርግ ይሻላል?»

ምላሽ፦ ከምንም በፊት አሎሎው ይመዘን። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ሴቶች የሚወረውሩት 3 ኪሎ ነው፤ ከ20 ዓመት በታች ያሉትና አዋቂዎቹ ግን 4 ኪሎ ይወረውራሉ። በየትምህርት ቤቱ የሚገኘው አሎሎ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ የጠፋ፣ አንዳንዴም ጋራዥ ውስጥ የተሠራ ስለሆነ ክብደቱን በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ሄርማታ ገበያ ወስዶ ማር ወይም ቡና የሚመዘንበት ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። 3 ኪሎ ሆኖ ከተገኘ 12.10 የተባለው ውጤት በ4 ኪሎ ወደ 10 ሜትር ተኩል ሊወርድ ይችላል። አለካኩም ይጠየቅ። ሜትሩ የሚያዘው አሎሎው ካረፈበት ቦታ፣ ወርዋሪዋ ለምትቆምበት ክብ ከሚቀርበው ጠርዝ ነው፤ በክቡ መሐል በሚያልፍ መስመር ይዘረጋና ውጤቱ በማቆሚያው ጣውላ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ይነበባል። በትምህርት ቤት ውድድር ግን ልጅቷ ከቆመችበት የሚለካ ዳኛ አይጠፋም። ክቡ 2.135 ሜትር ስፋት አለው፤ ከመሐሉ የተለካ ውርወራ አንድ ሜትር በነጻ ተጨመረለት ማለት ነው። ይህን የምለው ልጅቷን ለማሳነስ አይደለም። ያለ በቂ ሥልጠና በ4 ኪሎ ከ10 ሜትር በላይ የምትወረውር የ17 ዓመት ልጅ ተይዛ ልትሠለጥን የሚገባት ናት። መነሻው በትክክል ካልታወቀ ግን ከዚያ በኋላ የሚባለው ሁሉ ወሬ ነው።

«በሁለት ዓመት ኦሎምፒክ» የሚለውን ይተዉት። ለፓሪስ 2024 ኦሎምፒክ የተቀመጠው ሚኒማ (ለመሳተፍ የሚያበቃው ዝቅተኛ ውጤት) 18.80 ሜትር ነበር፤ ለ2025ቱ የቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮናም ያው ነበር (ካልገለጽሁ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፓሪስ ላይ ጀርመናዊቷ የሚሲ ኦጉንሌዬ ወርቁን የወሰደችው ልክ 20 ሜትር ወርውራ ነው። ናይጄሪያዊቷ ቪቪያን ቹኩዌሜካ በ2003 ያስመዘገበችውና ለረጅም ዓመታት የአፍሪካ ክብረ ወሰን ሆኖ የቆየው 18.43 እንኳ ከሚኒማው ያንሳል። ሚኒማውን ያላሟላች በዓለም የደረጃ ሰንጠረዥ በኩል ልትገባ ትችላለች፤ ፓሪስ ላይ ለሴቶች አሎሎ የተሰጠው ቦታ ግን በጠቅላላው 32 ነበር። የደረጃ ነጥቡ የሚሰላው በአምስት ምርጥ ውጤቶች አማካይ ሲሆን የተወረወረው ርቀት ብቻ ሳይሆን የውድድሩ ክብደትና የተያዘው ደረጃም ይቆጠራል። በመሆኑም ሀገር ውስጥ ብቻ የምትወዳደር ልጅ ብዙ ርቀት ብትሄድም ነጥቧ ብዙም አይንቀሳቀስም። ሚኒማ ያሟላ አትሌት ለሌላቸው ሀገሮች የሚሰጠው ልዩ ቦታም እኛን አይመለከትም፤ ሯጮቻችን ሞልተዋልና።

ከኦሎምፒክ በታች ያለው ግን ባዶ ሜዳ አይደለም። የአፍሪካ ከ20 ዓመት በታች ሻምፒዮና አለ፣ የአፍሪካ ሻምፒዮና አለ፣ የአፍሪካ ጨዋታዎች አሉ። በአፍሪካ የአዋቂዎች መድረክ 16 ሜትር አልፋ የምትወረውር ሴት ስለ ሜዳሊያ ማሰብ ትጀምራለች። ለልጅዎ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ደጃፍ ይህ ነው። ስልኳ ላይ የዓለም ክብረ ወሰኑን ፈልጋ ናታሊያ ሊሶቭስካያ በ1987 የወረወረችውን 22.63 ብታገኝ አትደንግጥ። ከ1990 ወዲህ 22 ሜትር ያለፈች ሴት የለችም፤ ከውድድር ውጪ የሚደረገው ድንገተኛ ምርመራ ያልጠነከረበት ዘመን ቁጥር ለዛሬ ልጅ መለኪያ አይሆንም።

ሰው አሎሎ ወርዋሪን በሰውነቷ ግዝፈት ይመዝናል። ርቀቱን የሚወስነው ግን በዋናነት አሎሎው ከእጅ ሲለቀቅ ያለው ፍጥነት ነው። በሰከንድ 10 ሜትር ፍጥነት የተለቀቀ አሎሎ 12 ሜትር ገደማ ላይ ያርፋል፤ ለ20 ሜትር በሰከንድ 13 ሜትር ተኩል ያህል ያስፈልጋል። ፍጥነቱ በሲሶ ሲጨምር ርቀቱ በሁለት ሦስተኛ አደገ ማለት ነው። አሎሎውን 10 ሳንቲሜትር ከፍ አድርጎ መልቀቅ ግን የሚጨምረው ያንኑ 10 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ረጅም መሆን አይጠቅምም አልልም፤ ረጅም ክንድ አሎሎውን ለረዘመ መንገድ እየገፋ ያፈጥነዋል። ሆኖም ቁመቷ አጭር ነው ብሎ መመለስም፣ ወፍራም ናት ብሎ መምረጥም ስህተት ነው። እኔ ልጅ ስመለከት መጀመሪያ የማያት በ30 ሜትር ሩጫና ባለችበት ቆማ ወደ ፊት በምትዘለው ርዝመት ነው። በእነዚህ ሁለቱ ከክፍሏ ሴቶች ፊት ከሆነች ቀሪው ይሠራል። በ45 ዲግሪ ወርውሪ የሚሏት ካሉም አይስሟቸው፤ ጥሩ ወርዋሪዎች የሚለቁት ከ35 እስከ 38 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው፣ አሎሎው የሚነሳው ከመሬት ሳይሆን ከትከሻ በላይ ነውና፤ ዝቅ ባለ ማዕዘን ሲገፋም ይበልጥ ይፈጥናል። የጅማ ከፍታም፣ 1,780 ሜትር ገደማ የሆነው፣ ለአሎሎ የሚጠቅመውም የሚጎዳውም ጥቂት ሳንቲሜትር ነው።

ይህ ፍጥነት በአንድ ክረምት አይመጣም፤ የታላላቆቹን ዕድሜ መመልከት ይበቃል። የኒውዚላንዷ ቫለሪ አዳምስ በ2001 ከ18 ዓመት በታች፣ በ2002 ከ20 ዓመት በታች የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። እንዲህ ያለች ተሰጥዖ እንኳ የአዋቂዎቹን የዓለም ሻምፒዮና ያሸነፈችው በ2007፣ ኦሎምፒክን በ2008 ነው። ከዚያ የ2008ቱን የቤጂንግ ወርቅ በ2012 ለንደን ላይ ደገመች፤ ለንደን ላይ ወርቁ የደረሳት አንደኛ የወጣችው የቤላሩሷ ናዴዥዳ ኦስታፕቹክ በአበረታች ቅመም ከተሰረዘች በኋላ ነበር። ቻይናዊቷ ጎንግ ሊጃዎ በ2008 ኦሎምፒክ ተሳትፋ ወርቅ ያገኘችው ቶኪዮ ላይ በ2021 ነው፤ 13 ዓመት መሆኑ ነው። አሜሪካዊቷ ሚሼል ካርተር በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ በመጨረሻዋ ሙከራ 20.63 ወርውራ አዳምስን ስትቀድም 30 ዓመቷ ነበር። አንዲት ሴት 17 ዓመቷ ላይ ያላት ውጤት ጅማሬዋን እንጂ መድረሻዋን አይናገርም።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርቡን ሁለት ሌሎች ናቸው። አንዷ ጃማይካዊቷ ዳኒዬል ቶማስ-ዶድ ናት። ጃማይካ የአጭር ርቀት ሯጮች ሀገር ናት፤ ውርወራ እዚያም የእንጀራ ልጅ ነበር። እሷ በአሜሪካው ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ እየተማረች አድጋ በ2019 የዶሃ የዓለም ሻምፒዮና ብር አመጣች። ሌላዋ ኦሪዮል ዶንግሞ ናት፤ ካሜሩን ተወልዳ ለካሜሩን የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆነች፣ ኋላ ፖርቱጋላዊት ሆና በ2022 ቤልግሬድ ላይ በ20.43 የዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮን ወጣች። ካሜሩን ሳለች 18 ሜትር አልደረሰችም ነበር። ሁለቱንም የለወጣቸው የተደራጀ ሥልጠናና ተደጋጋሚ ውድድር ነው፤ ፍሬውን ያዩትም ሃያዎቹን ከጀመሩ በኋላ ነው።

አባቷ የሚሉትን በግማሽ እቀበላለሁ። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ያገኘቻቸው ሜዳሊያዎች ሁሉ ከ800 ሜትር እስከ ማራቶን ባለው ሩጫ የመጡ ናቸው፤ በውርወራ አንድም የለንም። ስለዚህ ማናጀሩም፣ ሽልማቱም፣ የክለብ ደሞዙም ወደ ሯጩ ያደላል። ይሁንና አሎሎ የምታስወነጭፍ ልጅ ጡንቻዋ ለፈጣንና ለአጭር ጉልበት የተሠራ ነው። 10 ሺህ ሜትር ብታስሮጧት ያላትን ታጣለች እንጂ ሌላ ጥሩነሽ አትሆንም። መለወጥ ካስፈለገ ወደ ዲስከስ ወይም ወደ ጦር ውርወራ ነው።

ስለ ማህፀን የሚባለው መሠረት የለውም። በትክክለኛ አያያዝ ቀስ በቀስ የሚጨምር ክብደት ማንሳት አጥንትን ያጠነክራል እንጂ ማህፀን አይጎዳም። ቫለሪ አዳምስ ሁለት ልጆች ወልዳ ከዚያ በኋላ ቶኪዮ ላይ የነሐስ ሜዳሊያ ወስዳለች። ሰውነቷ ይለወጣል ወይ ካሉኝ፣ አዎ፤ ጭኗና ትከሻዋ ይሞላል፣ የአምናው ቀሚስ አይገባትም፣ ሰፈርም ያወራል። ይህን ከአሁኑ ንገሯት። «እንደ ወንድ መሆን» ግን ከብረቱ አይመጣም። እሱን የሚያመጣው የሆርሞን መርፌ ነው፤ እሱም ከመጣ አይመለስም፣ የጎረነነ ድምፅ እንደጎረነነ ይቀራል። ትኩረት የሚሻው ሌላ ነገር ነው፦ የወር አበባዋ ለሦስት ወር ከቀረ ሐኪም ጋ ትሂድ፤ ብዙ ጊዜ ምልክቱ ከምትሠራው አንጻር የምትበላው ማነሱ ነው።

ሂጃብ አይከለክላትም። የኢራኗ ሌይላ ራጃቢ በለንደን 2012 ኦሎምፒክ በሂጃብ ወርውራለች። የሚያስቸግረው ደንቡ ሳይሆን ጨርቁ ነው። አሎሎው አንገት ላይ ተጠግቶ መነሳት ስላለበት ልቅ ሻሽ ሥሩ እየታጠፈ ያንሸራትተዋል፤ አንገት ላይ ልጥፍ የሚል፣ የማይሟልጭ ጨርቅ ይሰፋላት። በረመዳን ከባዱን ልምምድ ከኢፍጣር በኋላ ማድረግ፣ ቀን ቀን ያለ አሎሎ እንቅስቃሴውን ብቻ መለማመድ ይበቃታል።

አሁን ጅማ ውስጥ ምን ይሠራ? ከዛሬ ጀምሮ አብዛኛው ውርወራዋ በ4 ኪሎ ይሁን፤ 3 ኪሎው ለፍጥነት በሳምንት አንድ ቀን ይበቃል። በሳምንት ሦስት ቀን ውርወራ፣ ሁለት ቀን ክብደት ማንሳት፣ ከዚያ በላይ በዚህ ዕድሜ አልመክርም። አያያዟን እናትም ብትሆኑ ልትቆጣጠሩት ትችላላችሁ። አሎሎው የሚያርፈው መዳፍ ላይ ሳይሆን በሦስቱ መሐል ጣቶች ሥር ነው፤ አውራ ጣትና ትንሿ ጣት ከጎንና ከጎን ደገፍ ያደርጉታል። ከልምምድ ስትመለስ እጇን ዘርግታ ታሳይዎ። የጅማ ቀይ አፈር አንገቷ ወይም ሻሿ ላይ ታትሞ መዳፏ ንጹሕ ከሆነ ልክ ናት። መዳፏ ቀልቶ አንገቷ ንጹሕ ከሆነ ግን አሎሎውን እንደ ድንጋይ እየወረወረች ነው። ክርኗ ከአሎሎው ሥር ወርዷል ማለት ነው፤ ይህ ውርወራውን ከማሳጠሩም ሌላ ደንብ የሚጥስና ክርንና ትከሻን የሚያቆስል ነው። ስልቱን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ቆሞ መወርወር፣ ቀጥሎ ወደ ኋላ ዞሮ የሚጀመረውና ክቡን በመንሸራተት የሚያቋርጠው ግላይድ ይጠናላት። የሚሽከረከረውን ሮቴሽን ኦጉንሌዬ አሸንፋበታለች፤ ጎንግ ግን ያሸነፈችው በግላይድ ነው። በደንብ የሚያርማት አሰልጣኝ በሌለበት ሮቴሽን መጀመር ፋውል መሰብሰብ ነው።

ጅማ ዝናብ አታጣም፤ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ መንሸራተት ደግሞ የጉልበት ጅማት ይበጥሳል። ክቡ ሲረጥብ ይወልወል፤ ካልደረቀ የዚያን ቀን ውርወራ ይቅርና ደረጃ መዝለልና ስኳት (ቁጭ ብድግ) ይሠራ። ጂም ብትገባ ወንዶቹ ደረትና ክንድ ላይ ያዋሏታል። የእሷ ሥራ ከእግርና ከወገብ ነው፤ ቤንች ፕሬስ (ተንጋልሎ ብረት መግፋት) ይከተላል እንጂ አይቀድምም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍል አለው፤ እዚያ ሄዶ የውርወራ መምህር ቴክኒኳን በየጊዜው እንዲያይላት መጠየቅ ነውር አይደለም። አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ፦ ስትወረውር ሌላው ሁሉ ከኋላዋ ይቁም፣ አሎሎውም በእጅ ተይዞ ይመለስ እንጂ አይወርወር። ራስ ላይ ያረፈ 4 ኪሎ ብረት ይገድላል።

ምግብን በሚመለከት በዱቄት ፕሮቲን አትጀምሩ። 75 ኪሎ የምትመዝን ወርዋሪ በቀን ከ120 እስከ 150 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋታል። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ገደማ አለው፤ ሽሮ በእንጀራ ብቻ አያደርሳትም፣ ባቄላና ምስር፣ ሲገኝም ሥጋ ይታከልበት። በየጂሙ ከሚሸጠው ክኒንና መርፌ ፍጹም ትራቅ። በአበረታች ቅመም ሕግ «አላወቅሁም፣ አሰልጣኜ ሰጠኝ» ማለት ከጥፋተኝነት አያድንም፤ ሰውነቷ ውስጥ ለተገኘው ተጠያቂዋ እሷ ናት።

የባህሬኑን ሰው አሰናብቱት። አንዴ ለኢትዮጵያ የተወዳደረ አትሌት 20 ዓመት ሳይሞላው ለሌላ ሀገር መሰለፍ አይችልም፣ ሦስት ዓመትም ይጠብቃል፤ ዝውውሩም አንዴ ብቻ ነው። ለ17 ዓመት ልጅ ፈጣን መንገድ አለኝ የሚል ሰው ወይ ደንቡን አያውቅም ወይ ሌላ ሐሳብ አለው። ፓስፖርቷን ለማንም አትስጡ።

ዕድሜዋን በጽሑፍ አስተካክሉ፤ መቀነስ ግን አይታሰብ። የልደት ካርድ፣ የትምህርት ቤት መዝገብና ፓስፖርት አንድ ቀን መናገር አለባቸው። ዓለም አቀፍ ምድብ የሚወሰነው አትሌቷ በውድድሩ ዓመት ዲሴምበር 31 ቀን በሚኖራት ዕድሜ ነው። ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር በአንድ ዓመት የተወለዱ ሁለት ልጆች በሁለት ምድብ ሊወድቁ ይችላሉ። ኅዳር 2001 ዓ.ም. የተወለደችው የ2008 ልጅ ናት፤ የካቲት 2001 ዓ.ም. የተወለደችው የ2009። መለያው ታኅሣሥ 22 ነው። ከዚህ የተነሣ የአንዷ የወጣትነት ጊዜ ከሌላዋ አንድ ዓመት ቀድሞ ያልቃል፤ ለየትኛው ውድድር እንደምትዘጋጅ የሚወስነው ይህ ስለሆነ አስቀድማችሁ አስሉት።

የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፦ ትምህርቷን አታቋርጥ። 12ኛ ክፍልን በጅማ ትጨርስ፤ እስከዚያ ከላይ ያልሁትን ሥልጠና ትያዝ። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለወርዋሪ ሴቶች ነጻ የትምህርት ዕድል ይሰጣሉ፤ ቶማስ-ዶድን ያሳደገው መንገድ ነው። 14 እና 15 ሜትር የደረሰች ልጅ ዓይን ትስባለች፣ ግን የ12ኛ ክፍል ውጤትና እንግሊዝኛ ከሌላት በሩ ይዘጋል። ክለብ ሆነ አሰላ የሚገኘው የጥሩነሽ ዲባባ ማሰልጠኛ ማዕከል ከፈተናው በኋላም ይደርሳል። በየሦስት ወሩ በተመዘነ 4 ኪሎ አሎሎ፣ በትክክል በተለካ ሜዳ ውጤቷን ጻፉ። ፈተናውን ስትጨርስ 12 ሜትር ተኩል አልፋ ከሆነ ለማዕከሉና ለክለቦች ማመልከት ነው፤ ውል ከመፈረም በፊት ግን የውርወራ አሰልጣኝ አለ ወይ፣ ብትጎዳ የሚያሳክማት ማን ነው፣ የማታ ትምህርት ትቀጥላለች ወይ የሚለው በጽሑፍ ይመለስ። ከ11 ሜትር ተኩል ፈቀቅ ካላለች ደግሞ ዲስከስ ትሞክር ወይም አሎሎውን ከዩኒቨርሲቲ ትምህርቷ ጎን ይዛው ትሂድ። በመሐል ያለች ከሆነ አንድ ዓመት ጨምሩላት።